−7.2 ሉፍስ አድርሼው ስልክ ላይ ለምን ቀጨጨ?

የሳቢያን ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምሠራባት ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ሰሞኑን አንድ የሰርግ ዘፈን ጨረስኩ። ጭፈራ ነው። ከበሮ፣ ኪቦርድ፣ ትንሽ ክራር፣ ወፍራም ባስ። ድምፃዊው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «እንዲጮህ ነው የምፈልገው»። እሺ አልኩ። ሊሚተሩን (የድምፁን ጫፍ ጨፍልቆ የሚያስጮኸውን) ስገፋው፣ ስገፋው፣ ማስተሩ፣ ማለትም የመጨረሻው ቅጂ፣ በጩኸት መለኪያው −7.2 ሉፍስ ደረሰ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጮሃል። የክፍሏ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው አቅፎ ስሞኝ ነው የሄደው።

ዩቲዩብ ላይ ተጫነ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «አቦ ምን አድርገኸው ነው? ከሰው ዘፈን ቀጥሎ የኔ ሲመጣ ስልኩ የተበላሸ እኮ ነው የሚመስለው!»

አላመንኩትም፣ ራሴ ከፍቼ ሰማሁት። ልክ ነው። አዲስ አበባ የተሠራ ሌላ የጭፈራ ዘፈን አለ፤ ፋይሉን ገዝቼ ለካሁት፤ −10.5 ነው። ከኔ በ3.3 ያንሳል። ስልክ ላይ ግን እሱ ይጮሃል፣ የኔ ይቀጭጫል።

ሜትሩ ነው የሚዋሸው ወይስ ጆሮዬ?

ባጃጅ ባስ · 3:22

ፍላሽ ላይ ስጠኝና ነገ ከከዚራ ሳቢያን አመላልሼ ውጤቱን ልንገርህ። የኔ ወንበር ስር ያለው ባስ ከየትኛውም ሜትር ይበልጣል ወላሂ።

ሉፍስ ፖሊስ · 3:41

የሳቢያን ልጅ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እይልኝ። በኮምፒውተር ዩቲዩብህን ክፈት። ቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅ ስታደርግ ዝርዝር ይመጣል፤ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ምረጥ። ጥቁር ሳጥን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኮንተንት ላውድነስ» የሚል ቁጥር አለ። የሁለቱንም ዘፈኖች ጻፍልን።

የሳቢያን ልጅ · 3:58

የኔ 6.8 ዲቢ (ዴሲቤል) ይላል። የዚያኛው 3.5። ምን ማለት ነው?

ሉፍስ ፖሊስ · ማታ 4:20

ዩቲዩብ −14 ሉፍስ አካባቢ የሆነ ጣሪያ አለው። ከዚያ በላይ የጮኸውን በሙሉ ወደዚያው ያወርዳል። ዝቅ ያለውን ግን አይነካውም፣ ከፍም አያደርግም። ስለዚህ ያንተን በ6.8 ዲቢ ዝቅ አድርጎታል። በሊሚተር ስትጨፈልቅ የጨመርከውን ድምፅ አንድ በአንድ ወስዶብሃል። የተጨፈለቀው ነገር ግን እንደተጨፈለቀ ቀረ።

የዚያኛው ሰውዬ የወረደበት 3.5 ብቻ ነው። ኪኩ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ ጫፉ አልተቆረጠም። ስለዚህ ሲመታ ይመታል።

ስፖቲፋይም ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ሰሚው ምንም ካልነካ −14 ነው፤ «ላውድ» የሚለውን ከመረጠ −11፣ «ኳየት» ካለ −19። አፕል ሚውዚክ ደግሞ ሳውንድ ቼክ ሲበራ −16 ላይ ነው የሚያመጣው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ትሩ ፒክህ ስንት ነው?

የሳቢያን ልጅ · 4:26

+0.8። ግን ሊሚተሩን −0.1 ላይ ነበር ያቆምኩት!

ሉፍስ ፖሊስ · 4:33

ተራ ሊሚተር የሚያየው ናሙናዎቹን፣ ፋይሉ ድምፁን የመዘገበባቸውን ነጥቦች፣ ብቻ ነው። በሁለት ናሙና መሀል ሞገዱ ከሁለቱም በላይ ሊወጣ ይችላል። ትሩ ፒክ የሚለካው ፋይሉን ቢያንስ አራት እጥፍ አብዝቶ ያንን የተደበቀ ጫፍ ፈልጎ ነው። ዘፈኑ ለዩቲዩብ ሲታመቅ ደግሞ ጫፉ ይብሳል፤ ክር ክር የሚል ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። ከ−1 እንዳታሳልፍ።

ጀማሪ ነኝ · 4:40

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሉፍስ ራሱ ምንድን ነው? ሁላችሁም እንደ ጨውና በርበሬ ነው የምታወሩት፤ እኔ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ላይ ቀይ መብራት እንዳይበራ ነው የምጠብቀው።

ሉፍስ ፖሊስ · ማታ 5:15

አትሸማቀቅ፣ ሁላችንም ከዚያው ነው የመጣነው።

ቀይ መብራቱ የሚነግርህ ፒክን ነው። ፒክ ማለት ድምፁ ለቅጽበት የነካው ከፍተኛ ነጥብ ነው። ግን ጆሮ እንደዚያ አይሰማም። አንድ ሰው ፊትህ ላይ አንዴ ቢያጨበጭብ ሜትሩ ይዘላል፤ አንተ ግን «አስቸገረኝ» አትልም። ባጃጅ ጡሩምባውን አስር ሰከንድ ቢይዝብህ፣ ፒኩ ከጭብጨባው ቢያንስ እንኳን፣ ወርደህ ትጣላለህ። ልዩነቱ ይሄው ነው። ጆሮ ድምፁን በጊዜ ውስጥ ሰብስቦ ነው የሚመዝነው።

ነገሩን ያስነሳው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው። ድራማው በለሆሳስ እየሄደ ድንገት ማስታወቂያ ሲመጣ ሰዉ ከሶፋው ይዘላል። ፒካቸው እኮ እኩል ነው! የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ቢ ኤስ 1770 የሚባለውን መለኪያ አወጣ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አር 128 ብለው −23 ላይ ተስማሙ። ለሙዚቃ የምንጠቀምበት ሜትር እንግዲህ ከቴሌቪዥን የተዋስነው ነው።

ውስጡ የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ድምፁን እንደ ጆሮ ያጣራዋል። ከ2 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን ወደ 4 ዲቢ ያህል ያነሳል፤ የሰው ጭንቅላት ራሱ ስለሚያነሳው። በጣም ታች ያለውን ባስ ደግሞ ይቀንሳል። ከዚያ በየ400 ሚሊ ሰከንድ ቁራጭ ይለካል። ፈጣኑ ንባብ «ሞመንተሪ» ይባላል። የ3 ሰከንዱ «ሾርት ተርም» ነው። የዘፈኑ አጠቃላይ ቁጥር ደግሞ «ኢንተግሬትድ»፤ እኛ «−7.2 ነው» ስንል እሱን ነው።

1 ሉፍስ ሲጨምር 1 ዲቢ ጨመረ ማለት ነው። ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚያስብለው ግን 10 ዲቢ አካባቢ ነው። ለ1 ዲቢ ሰው ሲጣላ ሳይ ይገርመኛል፤ እኔንም ጨምሮ።

ሜትር ከሌለህ ዩሊን የሚባለው ነፃ አለ። ሪፐር የሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ራሱ አብሮት ይመጣል።

ጀማሪ ነኝ · 5:21

አመሰግናለሁ። ዛሬ አልተኛም ማለት ነው።

ሰርግ በሰርግ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4:05

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዩቲዩብ ሁለቱንም −14 ላይ ካመጣቸው እኩል መሰማት ነበረባቸው። ልጁ ግን «የኔ ያንሳል» ነው የሚለው። የኪኩ ጫፍ ተቆረጠ ብሎ ይህን ያህል ልዩነት አይመጣም። ሉፍስ ፖሊስ፣ እዚህ ላይ ዘለኸዋል።

ሉፍስ ፖሊስ · 4:30

እሺ፣ ይዘሽኛል። መልስ የለኝም።

መርፌ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:50

ከሐረር ነኝ። ድምፅ ሥራ የጀመርኩት በካሴት ዘመን ነው፤ ስሜ እንደሚነግራችሁ በቪዩ ሜትር። መርፌው ለመነሳት 300 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ፒኩን አያይም፤ እንደ ጆሮ ዘገምተኛ ነው። ቀይ ውስጥ ትንሽ ቢገባ ቴፑ ራሱ አለዝቦ ይቀበለው ነበር። ዲጂታል ዜሮ ግን ግድግዳ ነው፤ ትላተማለህ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ዘፈኑን ከዩቲዩብ ሰማሁት። አራት ጊዜ፤ ሁለቱን በስልክ፣ ሁለቱን በትልቅ ስፒከር። ልጄ፣ ያንተ ችግር ሊሚተር አይደለም። ባስህ ነው።

ሜትሩ ባስን ይቀንሳል የተባለው እውነት ነው፤ ግን ብዙ አይቀንስም። 60 ሄርዝ ላይ ያለችውን ባስህን የሚቀንስልህ 3 ዲቢ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን «ድምፅ ነው» ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ −7.2ህ ውስጥ ግማሹ ባስ ነው። ዩቲዩብ ያንን ቁጥር አምኖ ዘፈኑን ሙሉ ለሙሉ አወረደው፤ ድምፃዊውንም፣ ከበሮውንም፣ ክራሩንም። ከዚያ ስልኩ መጣ። የስልክ ስፒከር ጥፍር የምታክል ናት። 60 ሄርዝ አታወጣም። እንግዲህ ባሱ ሌሎቹን ይዞ ወረደ፣ እሱ ራሱ ደግሞ ጠፋ። ስልኩ ላይ የቀረው ያለ ጥፋቱ የተቀጣው ድምፃዊ ነው።

ማረጋገጥ ትፈልጋለህ? የሁለቱንም ዘፈኖች ማስተር ውሰድ። ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን በኢኪው፣ ባስና ቀጭኑን ለይቶ በሚያነሳና በሚጥለው መሣሪያ፣ ቆርጠህ ጣለው። እንደገና ለካ። የሚመጣው ቁጥር ስልኩ የሚሰማው ዘፈን ነው።

ባጃጅ ባስ · ከሰዓት 10:02

ባሱን ከቆረጣችሁ እኔ የለሁበትም።

ከአዲስ · 10:15

መርፌ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ የጻፉት በጣም አስተምሮኛል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ 200 ሄርዝ ላይ ለምን? ስልኮች ይለያያሉ እኮ።

መርፌ · 10:31

አንቱታውን እዚያው ሸገር ተወው፤ እዚህ ለአያቱም አንተ ነው የሚባለው። 200 ቁጥሩ ቅዱስ አይደለም። ርካሽ ስልክ ከሆነ 400 ላይ ነው የሚጀምረው። ዋናው ሁለቱንም ዘፈን በአንድ ዓይነት ቢላ መቁረጥህ ነው።

የሳቢያን ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 4:47

መብራት ጠፍቶ ነው የዘገየሁት።

ለካሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የኔ ሙሉው −7.2፣ ሲቆረጥ −12.9። የአዲስ አበባው ሙሉው −10.5፣ ሲቆረጥ −12.6።

ሉፍስ ፖሊስ · ማታ 5:02

ኧረ አቦ! ቆይ ልደምረው።

ያንተ ሲቆረጥ 5.7 ጠፋበት። የዚያኛው 2.1 ብቻ። አሁን ዩቲዩብ ያወረደውን ቀንስ። ያንተ −12.9 ላይ 6.8 ሲወርድበት −19.7። የዚያኛው −12.6 ላይ 3.5 ሲወርድበት −16.1። ስለዚህ ስልክ ላይ ያንተ በ3.6 ዲቢ ያንሳል። ድምፃዊው የሰማው ያንን ነው። ሰውዬው ሜትር ሳይኖረው በጆሮው ብቻ ነው ያገኘው።

መርፌ፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ።

ሰርግ በሰርግ · ማታ 5:20

በቃ፣ አሁን ገባኝ። ግን ሌላውን ጎን ልናገር፣ ማንም ስላልተናገረ።

እኔ የሰርግ ዲጄ ነኝ። ድሬ ውስጥ፣ ሐረር፣ አንዳንዴ ጅግጅጋም እሄዳለሁ። በአንድ ሌሊት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ፣ ሁሉንም አጫውታለሁ። ዘፈን የሚመጣልኝ በፍላሽና በቴሌግራም ነው። እዚያ ማንም −14 ላይ አያወርድልኝም። አንዱ −7፣ አንዱ −13 ሆኖ ተከታትሎ ሲመጣ እጄ ከፌደሩ፣ ከድምፅ ማንሻው፣ አይነሳም። −13ቱ ሲገባ ሰዉ መድረኩን ለቆ ይሄዳል። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ። ሙሽራዋ ራሷ ናት የምትቀመጠው።

ስለዚህ «ሁላችሁም −14 አድርጉ» የሚል ሰው ሲመጣ ይገርመኛል። ድሬ ላይ ሙዚቃ የሚሰማው ስንቱ በስትሪሚንግ ነው?

ሉፍስ ፖሊስ · 5:34

ማንም −14 አድርጉ አላለም። −14 መድረሻ ግብ ሳይሆን እነሱ የሚያወርዱበት ጣሪያ ነው። የጭፈራ ዘፈን −9 ወይም −10 ቢሆን ነውር የለውም። ነውሩ ቁጥሩን ለማግኘት ዘፈኑን መግደል ነው።

ሰርግ በሰርግ · 5:41

ታዲያ ከ−10ሩ እና ከ−7ቱ አንተ ሰርግ ላይ የቱን ትመርጣለህ?

ሉፍስ ፖሊስ · 5:49

−10ሩን መርጬ ፌደሩን በ3 ከፍ አደርጋለሁ። ፌደሩ እጅሽ ላይ ነው ብለሻል።

ሰርግ በሰርግ · 5:52

አራት መቶ ሰው ፊት ቆመህ፣ ማይክ የያዘ አጎት እየጮኸብህ፣ ሞክረውና ታያለህ 😄

ባጃጅ ባስ · 5:55

እሷ ልክ ናት። እኔም እየነዳሁ ቮሊውም አልነካም፤ ፖሊስ አለ።

ጁገል ሪከርድ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:30

ክሩን ላበላሽባችሁ አይደለም፣ ግን የኔም ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ጁገል ውስጥ ዚክሪ፣ የሐረሪ መንፈሳዊ ዜማ፣ ቀርጫለሁ። የሰዎች ድምፅ፣ ከረቡ የሚባለው ከበሮ፣ ከእንጨት የሚሠራው ማጨብጨቢያ፣ ሌላ ምንም የለም። ቀስ ብሎ ይጀምራል። አንድ ሰው ብቻውን ረጅም ያዜማል፤ ከዚያ ሁሉም ይቀበላሉ፣ ከበሮው ይገባል፣ መጨረሻው ላይ ቤቱ ይሞቃል። ኢንተግሬትዱ −19.4፣ ትሩ ፒኩ −1.2። አንድ ወዳጄ «ዝቅ ብሏል፣ −14 አድርሰው» አለኝ። በሊሚተር ሞከርኩት፤ ብቻውን የሚያዜመው ሰውዬና ሁሉም የሚቀበሉበት እኩል ሆነው ቁጭ አሉ። ነፍሱ ወጣች። ምን ላድርግ?

ደግሞ ሌላ ነገር፤ መጀመሪያ ላይ ሰው ሲቀመጥ፣ ስኒ ሲንኳኳ ረጅም ጊዜ አለ። እሱ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎት ይሆን?

ሉፍስ ፖሊስ · ጠዋት 4:10

ከሁለተኛው ልጀምር። ስኒው ቁጥሩን አላወረደብህም። ሜትሩ በር አለው። ከ−70 በታች ያለውን ጨርሶ አይቆጥርም። ከዚያ የቀረውን አማካይ ወስዶ፣ ከዚያ አማካይ በ10 የሚያንሰውን ቁራጭ ሁሉ ደግሞ ይጥላል። ዝምታና የስኒ ድምፅ እዚያው ይቀራሉ። ይሄ በር እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ወደ 1770 የተጨመረው፤ በፊት ዝም ያለ ዘፈን ቁጥሩን ያበላሽ ነበር።

ብቻውን የሚያዜመው ሰው ግን ከበሩ በላይ ከሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ −19.4 ራሱ የዚክሪው እውነተኛ መልክ ነው።

መርፌ · 4:35

ጁገል፣ እንዳትነካው። የ−19 ዚክሪ ዩቲዩብ ላይ እንዳለ ነው የሚሄደው። የሚፈልግ ሰው ድምፁን ራሱ ከፍ ያደርጋል። ያ ሰው ዚክሪ የሚሰማው ከጭፈራ ቀጥሎ አይደለም።

በጣም ካስጨነቀህ በሊሚተር አትሂድ። በእጅህ ሂድ። ብቻውን የሚያዜምበትን ክፍል በፌደር 2 ዲቢ አንሳ፣ ሲቀበሉት ቀስ ብለህ መልስ። ማንም አያውቅብህም። ሁሉም ከገቡ በኋላ ሾርት ተርሙን እይ እንጂ ኢንተግሬትዱን እርሳው።

ጁገል ሪከርድ · 4:50

አላህ ይስጥህ። ሌላው ችግሬ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ያለው የስፌት መኪና ድምፅ ከኋላ መግባቱ ነው፣ እሱን ደግሞ በሌላ ክር እጠይቃለሁ።

ጀማሪ ነኝ · 5:20

እኔ ደግሞ ዛሬ የገረመኝን ልጠይቅ። ክራር በአንድ ማይክ ቀረጽኩ። ያንኑ ፋይል በሞኖ ስለካውና በስቴሪዮ ሳወጣው የ3 ልዩነት አለው። ምንም አልነካሁም!

ሉፍስ ፖሊስ · 5:26

ትክክል ነው። ሜትሩ የግራና የቀኙን ጉልበት ይደምራል። አንድ ዓይነት ድምፅ በሁለት ቻናል ሲሄድ 3 ይጨምራል። ማወዳደር ከፈለግህ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አውጣ።

የሳቢያን ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 3:40

ሚክሱን ከዜሮ ከፈትኩት። ግን ከመቀጠሌ በፊት አንድ ጥያቄ። መጀመሪያ ስሠራው ያ ሁሉ ባስ ለምን አልታወቀኝም? በጆሮዬ ልክ ነበር እኮ። እንዲያውም ያንሳል ብዬ ነው የጨመርኩት።

መርፌ · ማታ 4:00

ስትሠራ ቬንትሌተር በርቷል?

የሳቢያን ልጅ · 4:03

ግንቦት ነው ጋሼ፣ ድሬ ነኝ። ሁለት ነው የሚበራው።

መርፌ · ማታ 4:28

ገምቼ ነበር። እሷ ስትጮህ የዘፈኑን ቀጫጭን ነገር ትሸፍናለች። ከእሷ በላይ ለመስማት ስፒከሩን ታነሳለህ። ወይም ደግሞ ጆሮህ ደክሞ ታነሳለህ። ስፒከሩን ባነሳኸው ቁጥር ባሱ ደስ ይልሃል፤ ትለምደውና ትጨምራለህ።

በተቃራኒው ዝቅ አድርገህ ስትሰማ ጆሮ ባስን ይነፈጋል። ይሄን ፍሌቸርና ሙንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው ነው ያስቀመጡት። ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ይበልጥ የሚሰማው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሄርዝ ያለውን ነው፤ ሕፃን የሚያለቅስበት፣ ተነባቢ ፊደል የሚለይበት አካባቢ። ባሱን ለመስማት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ድምፁ ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ ይጠብባል።

እኔ የምለው፣ ኪክና ባስን የምትመዝንበት አንድ የስፒከር ከፍታ ይኑርህ። ቁልፉ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርግ፤ ሁልጊዜ እዚያ። ቮካልን ደግሞ በጣም ዝቅ አድርገህ መዝን። ከአጠገብህ ያለ ሰው ጋር ሳትጮህ እያወራህ ዘፈኑ ውስጥ ቃሉ ከተለየህ፣ ቮካልህ ቦታው ላይ ነው። ቬንትሌተሯን ለአስር ደቂቃ አጥፋት፣ ላብህ ቢወርድ አትሞትም።

ሰርግ በሰርግ · 4:35

የድሮ ቅጂ ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው። የአፍራን ቀሎ ባንድ እዚሁ ድሬ ነው የተመሠረተው፤ ዘፋኙ አሊ ቢራም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። እነዚያን ካሴቶች በተሰበረ ሬዲዮ እንኳን ስትሰሚያቸው ቃሉ ይገባል። ድምፃዊው ከፊት ነው።

ከአዲስ · 4:44

የሳቢያን ልጅ፣ ባሱን ዝም ብለህ እንዳትቀንሰው። ትንሽ ሳቹሬሽን፣ ድምፁን በትንሹ የሚያሻክረውን ኢፌክት፣ ጨምርበት። 50 ሄርዝ ላይ ያለ ባስ ሳቹሬት ሲሆን 100፣ 150፣ 200፣ 250 ላይ ልጆች ይወልዳል። ስልኩ 50ውን ባያወጣም ልጆቹን ያወጣል፤ አእምሮ ደግሞ ከልጆቹ እናቲቱን ይገምታል። ባስ ሳይኖር ባስ ይሰማል። የጭፈራ ዘፈን ሁሉ የሚኖረው በዚህ ማታለያ ነው።

ባጃጅ ባስ · 4:46

እናቲቱንም እንዳትገድላት በላት።

አወያይ · 4:50

ባጃጅ ባስ፣ አንድ ቁም ነገር ጻፍ 😄

ባጃጅ ባስ · ማታ 5:10

እሺ። ቁም ነገር። ዛሬ የድሮውን ማስተር ባጃጅ ውስጥ አጫውቼዋለሁ፤ ልጁ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። ከለገሃር ተነስቼ ደቻቱን ተሻግሬ ቀፊራ እስክደርስ ሦስት ሰው ነው የጫንኩት። አንደኛዋ ሴት «ይሄ ዘፈን ምን እያለ ነው?» አለችኝ። ባሱ ወንበሩን ያነሳዋል፣ እውነት ነው። ቃል ግን የለም። ከፊት ያለው ትንሽ ስፒከር ታፍኗል።

የሳቢያን ልጅ · አርብ፣ ማታ 2:30

ጨረስኩ መሰለኝ። የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ባሱን 4 ዲቢ አወረድኩት፣ ሳቹሬሽን ጨመርኩበት። ከ35 በታች ያለውን ጠረግሁት፤ ለካ ምንም ሙዚቃ አልነበረም፣ የኪቦርዱ ቆሻሻ ነው። ቮካሉን 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ትንሽ አነሳሁት። ክራሩ ቮካሉ ላይ ተቀምጦበት ነበር፤ ወደ ጎን ገፋሁት። ሊሚተሩ አሁን የሚነካው ኪኩ ሲመታ ብቻ ነው።

አዲሱ ሙሉው −10.2፣ ትሩ ፒክ −1። ከ200 በታች ሲቆረጥ −12.4። ዩቲዩብ 3.8 ሲያወርደው ስልክ ላይ −16.2 ይሆናል ማለት ነው። ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ነው።

ግን ደግሞ ራሴን አላመንኩትም። አሮጌውንና አዲሱን ሁለቱንም −14 ላይ አወረድኳቸው፤ አንዱ ስለጮኸ ብቻ እንዳይመረጥ። ስማቸውን ሀ እና ለ አደረግኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ እናቴ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ የአክስቴ ልጅ። በስልኬ አጫወትኩላቸው። አራቱም «ለ» አሉ። አዲሱ ነው። እናቴ «በዚህኛው ሙሽራዋን እያሞገሳት መሆኑ ይገባል፣ በዚያኛው ተጣልቶ ነው የሚመስለው» ነው ያለችው።

ከዚያ ሳላወርዳቸው እንዳሉ አጫወትኳቸው። ሦስቱ ወደ «ሀ» ተመለሱ! በ3 ዲቢ ብቻ ተሸነፉ። እናቴ ግን አልተመለሰችም።

ሉፍስ ፖሊስ · 2:41

ይሄን ፖስት ክፈፍ ውስጥ አስገብቼ ስቱዲዮ እሰቅለዋለሁ። ሁለት ማስተር ስታወዳድር በፊት እኩል አድርጋቸው፤ በግማሽ ዲቢ እንኳን የሚበልጠው ያሸንፋል። ሰሚውም እንደጮኸ አያውቀውም፤ «ይሄ ጠራ» ነው የሚልህ።

ሰርግ በሰርግ · 2:48

እኔን ግን አላሳመናችሁኝም። ሦስት ሰው ወደ ሀ መመለሱ ሰርጌ ውስጥ የሚሆነው ነው። ለፍላሽ ሌላ አውጣልኝ። −8.5 ወይ −9። ባሱ አዲሱ ይሁን፣ ሊሚተሩ ትንሽ ይገፋ።

መርፌ · ማታ 3:05

ይሄ ነውር አይደለም። በካሴት ጊዜም ለሬዲዮ ሌላ ነበር የምንቀዳው። ሬዲዮ ጣቢያ የራሱ ኮምፕረሰር አለው፤ የተጨፈለቀ ነገር ስትሰጠው ደግሞ ይጨፈልቀዋል፤ ጭቃ ሆኖ ነው የሚወጣው። ለእያንዳንዱ መንገድ እንደ መንገዱ። ብቻ ሚክሱ አንድ ይሁን፣ የሚለያየው የመጨረሻዋ ሊሚተር ትሁን።

ዘፈኑን ሰማሁት። ጥሩ ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ቮካሉ ገና ግማሽ ዲቢ ይጎድለዋል።

የሳቢያን ልጅ · 3:09

ግማሽ ዲቢ ጋሼ?!

መርፌ · 3:11

ግማሽ።

ባጃጅ ባስ · 3:20

የፍላሹስ መቼ ነው የሚደርሰው? ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሦስት ሰርግ አለ፣ ሙሽሮች አመላልሳለሁ።

የሳቢያን ልጅ · 3:24

መብራት ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከዚራ አምጥቼ እሰጥሃለሁ። ቬንትሌተሯን አጥፍቻለሁ፣ አሁን አዝማቹ ላይ ነኝ።